የኮምቦልቻው አውሮፕላን ባዶውን እንዳይሄድ

አሰላ ውስጥ ስለ ደሴ ሳወራ መስማት ያልሰለቸው ጎረቤት የለኝም። «ደሞ ጀመረች» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ደሴ ሸዋ በር ተወልጄ፣ በልጅነቴ አባቴ በሥራ ሲዛወር አሰላ ገብቼ፣ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ፣ እዚሁ ጡረታ ወጥቼ፣ ልቤ ግን እዚያው እንደቀረ ነው። ስለዚህ በደርግ ዘመን ያደረግኋትን የአንድ ሳምንት ጉዞ አንዴ ወረቀት ላይ ላስፍርና ጎረቤቶቼን ልገላግላቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ደሴን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማታዩ፣ ለእናንተ ነው። የምታውቋት ደግሞ ስሳሳት እለፉኝ።

የጉዞው ምክንያት አክስቴ ዘይነባ ናት፤ የአባቴ እህት። አባቴ ክርስቲያን አግብቶ ክርስትና ተነሣ፣ እሷ በእስልምናዋ ኖረች። ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ ሆኖ አያውቅም። አንድ ዓይኗን በልጅነቷ ፈንጣጣ ወስዶባታል። በቀረው አንድ ዓይኗ ሰፍታ፣ ነግዳ፣ እኔንም እስከ ሰባት ዓመቴ አዝላና አባብላ አሳድጋ ስትኖር፣ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የገበያው ቁልቁለት አዳልጧት ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ከጎን በኩል ጥቁር መጋረጃ እየተሳበ ይመጣብኛል ማለት ጀመረች። የደሴው ሐኪም አይቶ፣ ከዓይኗ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን መላቀቅ እንደጀመረ ነገራት። ይህን የሚሠራ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ለአጭር ጊዜ አዲስ አበባ መጥቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ወደ አገሩ ይመለሳል። አውቶብስ ደግሞ ክልክል ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ከተንገጫገጨች የተረፈውም ይላቀቃል። የቀረው መንገድ በሳምንት ሁለት ቀን ኮምቦልቻ የሚያርፈው አውሮፕላን ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በትምህርት ቤታችን ስልክ ተነገረኝና፣ ፈቃድ ጠይቄ እሷን ላመጣ ተነሣሁ።

ሰኞ

ያን ጊዜ ከአገር አገር ለመሄድ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ለምን ጉዳይ?» ሲለኝ «ለዓይን» አልኩት። ዓይኖቼን ትክ ብሎ አይቶ «ደህና ናቸው እኮ» አለና ማኅተሙን መታልኝ። አውቶብሱ በየኬላው እየቆመ፣ እኛም እየወረድንና እየተፈተሽን፣ አዲስ አበባ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ቤት አደርኩ።

«በአውሮፕላን? ያውም በአስተማሪ ደመወዝ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከአውቶብስ እንደወረድኩ የቆረጥኩትን የደርሶ መልስ ትኬት አሳየኋት። እኔም ስቆርጥ ገርሞኝ ነበር፤ አውቶብሱ ላይ ትንሽ ቢጨመርበት ነው። ትኬት ቆራጩ እንደነገረኝ፣ እንደ ኮምቦልቻ ላሉ ትንንሽ ከተሞች አውሮፕላኑ የሚያወጣውን ያህል ከተሳፋሪ ስለማይገኝ የጎደለውን መንግሥት ይደጉማል። ጓደኛዬ አሰበችና «ታዲያ አሰላን ምነው አይደጉሟትም?» አለች።

ማክሰኞ

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ዕቃችንን ብቻ ሳይሆን እኛንም መዘኑን። አንድ ጎልማሳ ሚዛኑ ላይ አቁሞኝ ክብደቴን ጮክ ብሎ ለጓደኛው ሲነግረው፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። በዚህ ተናድጄ ሻንጣዬን በየትኛው ክምር ላይ እንዳስቀመጥኩ እንኳ ልብ አላልኩም። ያ ንዴት ምን እንዳስከፈለኝ ኮምቦልቻ ስደርስ ታዩታላችሁ።

አውሮፕላኑ አሮጌ ዳኮታ ነው። ጭራው መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ከበሩ እስከ ወንበሩ ዳገት ይወጣል፤ ለደሴ ልጅ ዳገት ብርቅ አይደለም። ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ከጎኔ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ገና ሞተሩ ሳይነሣ ላብ አጥምቋቸው ተቀምጠዋል።

«አብሽሪ፣ ምንም የለም» አሉኝ። አብሽሪ ማለት አይዞሽ ነው። እኔ ምንም አላልኩም ነበር።

«እርስዎም አይዞዎት» አልኳቸው።

«ኸየት ነሽ?»

«የምኖረው አሰላ ነው። የተወለድኩት ሸዋ በር። የዘይነባ የወንድም ልጅ ነኝ፣ ሮማን።»

ይህን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ። አያ እንድሪስ ይባላሉ፤ የአክስቴ ሠፈር የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት እኛ አሰላ ዕድር የምንለው ነው። ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሲታመም የሚሸከም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የገባበት ማኅበር ነው። ዳኛው ሰብሳቢው ነው፤ ተራ የሚያወጣውም እሱ፣ የቀረን የሚቀጣውም እሱ ነው።

«አዲስ አበባ ለምን ጉዳይ ሄደው ነበር?» አልኳቸው፤ ከፍርሃታቸው እንዲዘናጉ ብዬ።

«ተራዬ ደርሶ።»

«የምን ተራ?»

«የመብረር።»

አውሮፕላኑ ተነሣ። ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑና፣ ደመናው ውስጥ እስክንገባ ድረስ ከዱዓ በቀር ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነገሩን አስረዱኝ።

«ባለፈው ክረምት የልጄ ልጅ ሆዱ ተነፋ። ሆስፒታሉ አዲሳባ አድርሱት አለ። መንገዱ ጣርማበር ላይ ተንዶ መኪና አያሳልፍ። ይሄ አውሮፕላን ነው ይዞት የሄደው፤ ዛሬ አላህ ይመስገን ይሮጣል። ቅሬያችን ኸዚህ ወዲያ ስንቱን በዚሁ አሳከመ መሰለሽ። መስከረም ላይ ቀበሌ ሰበሰቡንና፣ ወንበሩ ባዶውን እየሄደ መንግሥት ለባዶ ወንበር አይከፍልም፣ ሰው ካልሞላ ይቀራል አሉን። እኛም ተሰብስበን መከርን። ቅሬ መቃብር ቆፋሪ በተራ ያወጣ የለም? በራሪም በተራ እናውጣ አልን። ኸቅሬው ሣጥን ትኬት ይቆረጣል፣ ተራው የደረሰ ይሄዳል። ዳኛ ነህና አንተ ጀምር ተባልሁ።»

«አዲስ አበባ ታዲያ ምን ሠሩ?»

«ቅዳሜ ሄድሁ፣ ዘመድ ቤት ተቀመጥሁ፣ ይኸው ተመለስሁ። ሌላ ምን ጉዳይ አለኝና።»

ሳቄን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከታች የመንዝ ገደል ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ በስተቀኝ ደጋው እንደ ጠረጴዛ ጫፍ ድንገት ያልቅና አቧራማው ቆላ ይጀምራል። አያ እንድሪስን እዩት ብላቸው «አንቺ እይው፣ ይበቃል» አሉኝ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ወዲያው አላረፍንም። ሜዳው ላይ ከብት ተሰማርቶበት ነበርና አውሮፕላኑ ከላይ እየዞረ፣ ሰዎች ዱላ ይዘው ከብቱን እስኪያስወጡ ጠበቅን። አያ እንድሪስ በእያንዳንዱ ዙር ሌላ ዱዓ ጀመሩ። ወርጄ ሻንጣዬን ስጠይቅ የጣቢያው ሠራተኛ ወደ ሰማይ አሳየኝ፤ አውሮፕላኑ ሻንጣዬን ይዞ ወደ ሰሜን ተነሥቷል። ወደ ሰሜን የሚሄደው ክምር ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ራሴ ነኝ። «ቅዳሜ ሲመለስ ይዞት ይመጣል» አለኝ በትሕትና።

ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ የለበስኳት ስስ ቀሚስ በቂ ነበረች። የሐረጎን ዳገት በላንድሮቨር ስንወጣ ግን ጉሙ ተቀበለን፣ ደሴ ስንገባ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። የአሰላ ብርድ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ፊት ለፊት ይመታሃል፤ የደሴ ብርድ ግን ከጦሳ ተራራ ተንሸራቶ ከኋላ በአንገት ይገባል። ይህን ረስቼው ነበር። ሲገባብኝ አወቅሁትና፣ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

አክስቴ መስኮቱ የተጋረደ ክፍል ውስጥ በትራስ ተደግፋ፣ ሐኪሙ እንዳዘዛት ራሷን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ስገባ ዞር አላለችም።

«እግርሽ እንደ አባትሽ ነው፤ ግራውን ትጎትቻለሽ» አለች። ከዚያ እጄን ይዛ በረዶ ስለሆነባት ጮክ ብላ ጎረቤት ጠራች። ጎረቤቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋቢ፣ ሹራብና የራሷን የበዓል ቀሚስ ይዛልኝ መጣች። ቀሚሱ ሁለቴ ይጠቀልለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በእሱ ሄድኩ፤ በየመንገዱም «የጥሩን ቀሚስ የለበሰችው እንግዳ» ተባልኩ።

ረቡዕ

ለአክስቴ ትኬት ልቆርጥ ፒያሳ ወጣሁ። ቢሮው ተዘግቷል፤ ሠራተኞቹ ስብሰባ ላይ ናቸው። ያን ጊዜ ስብሰባ የማይዘጋው በር አልነበረም። ደጁ ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ አያ እንድሪስ አገኙኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«የአክስቴን ነገር ልጨርስ ነበር።»

«የዘይነባ ነገር የቅሬው ነው። አብሽሪ። ነይ ሻይ ጠጪ።»

ጣልያን ከተወው ከአንዱ ቤት ገባን። ሻይና ኬክ አዘዙልኝ። ኬኩ ደረቅ ነው፤ የአሰላው ይሻላል። ግን በልጅነቴ አባቴ ደመወዝ በተቀበለ ቀን እዚያው ቤት አስገብቶ ይገዛልኝ የነበረው ያው ኬክ ነውና፣ ሁለት በላሁ። በዚያች ቅጽበት አባቴ ክፉኛ ናፈቀኝ። አያ እንድሪስ ዓይኔን አይተው ስለ አባቴ ልጅነት ያወሩኝ ጀመር። ወደ ቢሮው ሳልመለስ ቀረሁ።

ሐሙስ

ቅሬው አክስቴ ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ወሬ መጥቷል፤ ቅዳሜ ዕለት ከአዲስ አበባ የተላከ ሰው አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ይቆጥራል። በዚያ ቆጠራ ነው በረራው እንዲቀጥል ወይም እንዲቀር የሚወሰነው።

«እንግዲህ በነጠላ ተራ አይሆንም» አሉ አያ እንድሪስ። «ኸኮምቦልቻ የሚሳፈረው ወንበር አንድም ሳይቀር ይሞላ።»

ከዚያ ምክንያት መዝነብ ጀመረ። አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፣ አንዱ ላሙ ልትወልድ ነው፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከፍ ያለ ቦታ ስትወጣ ጆሮዋ ይደፈናል። ያለ ምክንያት እሺ ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱ ያዳነውም አልነበረም። መጨረሻ ላይ ላልተሸጠው አሥራ አንድ ወንበር አሥራ አንድ ሰው ወጣ። አያ እንድሪስም ገና ከትናንት ወዲያ የወረዱበት አውሮፕላን ላይ ተመልሰው ሊወጡ ነው፤ ሲናገሩት መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

አክስቴ በተጋረደው መስኮት በኩል ሁሉንም ትሰማለች። «ሰው ለሞት እንኳ እንዲህ አልተከራከረ» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ራሷን እንዳያነቃንቃት በሁለት እጄ አገጯን ያዝኩላት።

ዓርብ

ከሐርቡ የመጡ የአያ እንድሪስ ዘመዶች ለታማሚዋ አንድ እሥር ጥንቅሽ ይዘው መጡ። ጥንቅሽ የማሽላ አገዳ ነው፤ እንደ ሸንኮራ ይላጥና ይታኘካል። አሰላ ገብስ እንጂ ይህ የለም። እየላጥሁ አጎረስኳት፣ ራሴም ከንፈሬ እስኪላላጥ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን «ጦሳ ዛሬ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

ወጥቼ አየሁላት። «አናቱ ላይ ጉም አለ። ወገቡ ላይ ፀሐይ።»

«እንግዲያ ነገ ብራ ነው» አለች። ቀጥላም «ጨለማውን አልፈራውም፣ ሮማን። በአንዱ ዓይኔ ድሮ ለምጄዋለሁ። በበሬ የሚገባውን ሰው አፉን ሳይከፍት ማወቅ ነው የምወደው። እሱ ከቀረብኝ ነው የማዝነው» አለች።

ፈራሁ፤ ከእሷ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነበርኩ። እኔን በበሯ ስገባ የሚያውቀኝ ሌላ ዓይን በዓለም ላይ አልቀረኝም።

ቅዳሜ

አሥራ አንዱ በጠዋት በጭነት መኪና ቀድመውን ወረዱ። እኛ በፔጆ፣ አክስቴን በትራስ ዙሪያዋን ደግፌ፣ ራሷን በደረቴ ይዤ፣ ሐረጎን በእግረኛ ፍጥነት ወረድን። ከኋላችን ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ጡሩንባ ይነፋሉ። ሹፌሩ አንዱን አስቁሞ «ዓይን ይዘናል» አለው። ከዚያ በኋላ የነፋ የለም፤ ሁሉም ኮምቦልቻ ድረስ ከኋላችን እየተንፏቀቁ አጀቡን።

ስንደርስ አውሮፕላኑ ከሰሜን ተመልሶ ቆሟል። ሻንጣዬም መጥቷል። አሥራ አንዱ ተሳፍረው ጨርሰዋል። የጣቢያው ሠራተኛ ዝርዝሩን አየና «የእርስዎ ስም አለ። የእሳቸው የለም» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። በመስኮት አያ እንድሪስን በእጄ ጠራሁና በሩ ድረስ መጡ።

«አያ እንድሪስ፣ የዘይነባ ነገር የቅሬው ነው አላሉኝም?»

«መሸከሙ፣ ማጀቡ የቅሬው ነው። ትኬቱንማ የራስሽን ስትቆርጪ አብረሽ የቆረጥሽ መስሎኝ።» ፊታቸው አመድ መሰለ። «ያ ረቢ። ምን ሠራን።»

የሠራነው ይህ ነው። አውሮፕላኑ ለታማሚ እንዳይጠፋ ብለን በጤነኛ ሞልተን ታማሚዋን ሜዳ ላይ አስቀረናት። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው አውሮፕላን ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ ሐኪሙ እስከዚያ አገሩ ገብቷል።

ሠራተኛው ደግ ሰው ነው። ይዞኝ ወደ ውስጥ ገባና «ታማሚ አለች። የማይቸኩል፣ ቦታውን የሚለቅላት ሰው ይገኛል?» አለ።

አሥራ አንዱም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጫማዋን እንኳ በእጇ ይዛለች።

ቆጣሪው በሩ ላይ ነበር። ካኪ የለበሰ አጭር ሰው ነው። ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ገባና «እናንተ ሰዎች አዲስ አበባ ምን ጉዳይ ነው ያላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ላይ ዓይኑን ጣለ። «እርስዎ?»

የቅሬ ሰው ድንገት ለምን ትሄዳለህ ሲባል አፉ ላይ የሚመጣው አንድ ነገር ነው። «ለልቅሶ» አለች።

«እርስዎስ?»

«ለልቅሶ» አለ ጉልበቱን ያመዋል የተባለው።

ሁሉም ለልቅሶ ሆነ። ቆጣሪው ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር። እንግዲህ ከልቅሶ ሰው አይቀርም፤ ተቀመጡ» አለ።

አሁን አንዱ ተነሥቶ እኔ እቀራለሁ ቢል፣ ከቀብር የሚቀር የቅሬ ሰው የለምና ነገሩ ሁሉ ይጋለጣል፣ አውሮፕላኑም ይቀራል። ካልተነሡ የአክስቴ ዓይን ይቀራል። አያ እንድሪስ አዩኝ። እንዲያ ያለ ጭንቀት በሽማግሌ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ከንፈራቸው ሲከፈት፣ ሊናገሩ እንደሆነ አወቅሁ፤ አውሮፕላኑን ሊተዉት ነው።

«እኔ ልቅሶ የለብኝም። በእኔ ቦታ ትሂድ» አልኩ።

ቀድሜ ለምን እንዳላሰብኩት አላውቅም። ምናልባት ያለ እኔ ትሄዳለች ብዬ ማሰብ ስላልቻልኩ ነው። አዲስ አበባን ረግጣ አታውቅም፤ ከእነዚያ ሰዎች መሐል ሆስፒታሉን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ወርጄ ነገርኳት። እጄን አጥብቃ ይዛ «ብቻዬን?» አለች። ይህን ጊዜ ከውስጥ የሠፈሯ ሰው ሳል፣ ሹክሹክታና የአያ እንድሪስ ዱዓ ተሰማት። እጄን ለቀቀችኝ።

«ብቻዬን አልሁ እንዴ» አለች።

ደግፈን አወጣናትና በእኔ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥናት። የሆስፒታሉን ስም ለአያ እንድሪስ ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ከዱዓቸው መሐል እየደጋገሙ ያዙት። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ቦርከና ወንዝ ላይ እስኪያንስ አየሁት። ከዚያ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የጣቢያው ሠራተኛ ቤቱ ወስዶ አሳደረኝ፤ ሚስቱ እግሬን አጥባ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ።

እሑድ

አውቶብሱ ላይ ጎኔ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቆጣሪው። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ እሱም ቀርቷል። መንገዱ በወታደር መኪና ተቦዳድሶ ነበርና በየጉድጓዱ ጭንቅላታችን ከጣሪያው ይጋጫል። በእያንዳንዱ ንጥረት አክስቴን እያሰብኩ ተመስገን እላለሁ። ጣርማበርን ስንወጣ ሰውየው ልፋቴን አይቶ ከያዘው ብርቱካን አካፈለኝ።

«ልቅሶው የማን ነው?» አለኝ ብርቱካኑን እየላጠ።

ውሸት ሰልችቶኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። የመቃብር ቆፋሪውን ተራ፣ የበራሪውን ተራ፣ የአያ እንድሪስን የልጅ ልጅ። የቀረውን ብርቱካን ፈልቅቆ ጨረሰና ልጣጩን በመስኮት ጣለ።

«እኔ የታዘዝኩት ወንበር እንድቆጥር ነው» አለ በኋላ። «ወንበሩ ሞልቶ ነበር። ከመሙላቱም የተነሣ ቆጣሪው ራሱ በአውቶብስ እየተመለሰ ነው። ይህንኑ እጽፋለሁ።»

ሰኞ

ሆስፒታሉን ስደርስ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አጥሩ ሥር ሣሩ ላይ የሸዋ በር ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል። አንዳቸውም ወደ ዘመድ አልሄዱም። ቅዳሜ ከአውሮፕላኑ እንደወረዱ በሦስት ታክሲ ተሳፍረው፣ የሆስፒታሉን ስም እየተቀባበሉ ይዘዋት መጥተዋል። የምሽቱን ጥበቃ በተራ አውጥተዋል። አስታማሚ አንድ ብቻ ነው ብላ ነርሷ ብታባርራቸው፣ አያ እንድሪስ «አንድ ነን፣ ቅሬ ነን» ብለዋታል። እኔ ብሆን ኖሮ ከዚያ የተሻለ አላደርግላትም ነበር፤ ግማሹንም አላደርግ።

ሐኪሙ በጠዋት ሠርቶላት ነበር። ሁለት ዓይኗም ታሽጎ፣ ጀርባዋን ተደግፋ፣ ስገባ በእግሬ አወቀችኝ።

«ልቅሶ ደረሽ?» አለች። ቆጣሪውን ለልቅሶ ነው እንዳሉት ነግረዋታል፤ በቁሟ እንደተለቀሰላት ቆጥራው ሳቋ አላባራ ብሏታል።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«መንገዱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «አውሮፕላኑ ኸተነሣ እስኪያርፍ አሥራ አንዱም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው፤ እንድሪስም፣ ጥሩም፣ አንድ ሳይቀር። እኔ በዚች በግማሽ ዓይኔ በመስኮቱ አየሁ። እየጮህሁ ነገርኋቸው። አሁን ሐርቡ ነን፣ የቤቱ ቆርቆሮ ያበራል። አሁን ጨፋ ረግረጉ ነው፣ ከብቱ እንደ ተበተነ ባቄላ ይታያል። አሁን ከሚሴን አለፍን። ቦርከና እንዲህ ሸጋ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? አሁን ጣርማበር፣ እጃችሁን ብትዘረጉ ትነኩታላችሁ። እነሱ ‹ወዲያስ? ወዲያስ?› ይላሉ። ዓይኑን የገለጠ ግን የለም።»

ያ በረራ ከዚያም በኋላ ጥቂት ዓመት ኮምቦልቻ ማረፉን ቀጠለ። ከዚያ ቀረ። ድጎማው ቀርቶ ይሁን ጦርነቱ ቀርቦ፣ የነገረኝ የለም። ዛሬ ስለዚያ ሜዳ ሳስብ ልቤን የሚያመኝ ናፍቆት አለ፤ ስለ አውሮፕላኑ አይደለም፣ ስለ ሰዎቹ ነው።

የአክስቴ ዓይን አልዳነም። ሐኪሙ የቻለውን አድርጓል፤ ፋሻው ሲፈታ መብራቱ ይብራ ይጥፋ ከመለየት በቀር ምንም አልቀረላትም። ደሴ ተመልሳ ብዙ ዘመን ኖረች። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር እንደማየው፣ ቤቷ ሰው አይጠፋውም ነበር። አያ እንድሪስንም፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅንም፣ የቀሩትንም፣ አገሩ ከሰማይ ሲያዩት ምን ይመስላል ብሎ የጠየቃቸው ሰው ሁሉ ከአሥራ አንዱ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፦ «ዘይነባን ጠይቃት፤ እሷ አይታዋለች።»